የሳነቴው ፕሮፔለር

መምህር በየነ ሳነቴ አናት ላይ፣ ከመንገድ ሠራተኞች የቆርቆሮ ቤት አሥር እርምጃ ርቆ፣ ማጅራቱን ተመትቶ በግንባሩ እንደተደፋ ጠዋት ተገኘ። አጠገቡ ዱላ ወድቋል። ዱላው የመንገድ መሪው የኦቦ ማሜ መሆኑን ማንም አልካደም፤ ራሳቸው ማሜም እንኳ።

ጊዜው 1971 ዓ.ም. ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በፊት መድኃኒት ጭኖ በትንሽ አውሮፕላን ከጎባ የተነሣው ካፒቴን ገብረ ሥላሴ እዚሁ ደጋ ላይ ወድቆ ሞቷል። አሁን ጎባ ላይ ሐውልት ሊቆምለት ነው፤ አብዮቱ ጀግና አስፈልጎታል። የትንሿን አውሮፕላን ሞተር ከነፕሮፔለሩ ሊያወርዱ ካድሬ፣ የሐውልቱን ጽሑፍ ያዘጋጀው በየነ፣ የካፒቴኑ ልጅ፣ መንገድ መሪው፣ መካኒክና ፖሊስ፣ ስድስት ሰዎች ትናንት ወጡ፤ ጉም ወረደና መኪናቸው መንቀሳቀስ አቃተው፤ በቆርቆሮው ቤት አደሩ። የሳነቴ ጉም እንደ እስር ቤት ነው፤ ያውም መስኮት የሌለው።

ካድሬው ኦቦ ማሜን አስሮ ጥግ አስቀምጧቸዋል።

«ጉሙ እንደተገፈፈ ይዤው እወርዳለሁ» አለ። «ይሄ ፀረ አብዮት! እርምጃ ይወሰድበታል።»

በዚያ ዘመን እርምጃ ማለት ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። የጎባው ፖሊስ መርማሪ መቶ አለቃ ዘይነዲንም ያውቃል። ለጥበቃ ተብሎ ነበር የመጣው። ቀጭን፣ ነገር የማይለቅ፣ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው እጅና እግር የሚያይ ሰው ነው።

«እስኪገፈፍ ድረስ ጊዜው የእኔ ነው፣ ጓድ» አለው።

ወጥቶ መሬቱን አየ። ትናንት እየገፉ ያመጡት ሞተር በበሩና በሬሳው መካከል ተቀምጧል። አጭሩ መንገድ በፕሮፔለሩ ፊት ያልፋል፤ እሱም ሬሳውን ለማየት በሮጡት እግር ተቦክቷል። ከሞተሩ ጀርባ ግን አንድ ሰው ብቻ ዞሮ ሄዶ፣ ዞሮ የተመለሰበት የበረባሶ ዱካ አለ። በረባሶ ያደረጉት ሁለት ናቸው፤ ኦቦ ማሜ፣ እና ሞተሩን እንዲፈታ የመጣው የሮቤው የወፍጮ መካኒክ ጉሉማ። የሁለቱም ከጎሮ ገበያ የተገዛ አንድ ዓይነት ጎማ ነው።

«ኦቦ ማሜ፣ አካም ቡልተን?» ሲል ተመልሶ ገብቶ እንዴት እንዳደሩ ጠየቃቸው።

«ነገያ፣ አልሐምዱሊላህ። ገመዱ ብቻ እጄን በላው።»

«ጠዋት ወጥተው ነበር?»

«ለሱብሒ ወጣሁ። ጋቢዬን እዚያ ብረት ላይ ሰቅዬ ውዱእ አደረግሁ፤ ሰግጄ ገባሁ። ዱላዬ በሩ ላይ ነበር። ወላሂ፣ ጋቢዬንም እዚያው ረሳሁት።»

ጋቢው እውነትም ፕሮፔለሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

ወደ ካፒቴኑ ልጅ ዞረ። «ወይዘሮ እኅተማርያም፣ መምህሩ ከማን ተጣላ?»

«ከማንም። ማታ ሐውልቱ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ አነበበልን። ‹ጀግናው በመካኒኩ በጫሊ ክህደት ወደቀ› ይላል።»

«ይሄ ጫሊ የት ደረሰ?»

«ሰባት ዓመት ታስሮ ወጣ ይባላል። ከዚያ ያየው የለም።» ይህን ስትናገር ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

የቀረው ጉሉማ ነበር።

«አውሮፕላን ነክተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ የት አባቴ! እኔ የማውቀው ወፍጮ ነው፣ ጌታዬ።»

«እስቲ የኦቦ ማሜን ጋቢ አምጣላቸው፤ በርዷቸዋል።»

ጉሉማ ወጣ። ዘይነዲን በሩ ላይ ቆሞ ተመለከተው። ጋቢው ሲመጣ ሽማግሌውን አለበሳቸውና ሁሉንም እንዲቀመጡ ጠየቀ። ውጭ ጉሙ መሳሳት ጀምሯል፤ ካድሬው የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ያቅጨለጭላል።

«ወጣት ሳለሁ አውሮፕላን ማረፊያ ጠብቄያለሁ» አለ ዘይነዲን። «አንድ ቀን በቆመ ፕሮፔለር ፊት ሳልፍ መካኒኩ በጥፊ አጮለኝ። ‹የቆመ ሞተር አይታመንም፤ በጀርባው ዙር› አለኝ። ትናንት ሞተሩን ስንገፋ ሁላችንም ፕሮፔለሩን በጣታችን ጨበጥነው። አንድ ሰው ብቻ መዳፉን ዘርግቶ ገፋ፤ ድንገት ቢዞር ጣቱን እንዳይወስደው። ኦቦ ማሜ እንደ ልብስ መስቀያ ጋቢ ሰቀሉበት፤ ምን ፈርተው በጭቃ ይዞራሉ? አሁን ጉሉማ ያንኑ ጋቢ ሊያመጣ አጭሩን መንገድ ትቶ ከጀርባ ዞረ። አዲሱ ዱካው የጠዋቱን ዱካ ረገጠው። ወፍጮ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን ከየት ለመደ? ጫሊ ልበልህ?»

ጉሉማ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ስሜን እንዲፍቅልኝ ለመንኩት» አለ። «ልጆች አሉኝ። ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም አይደል? ስለምነው ማን እንደሆንኩ አወቀ። ‹ለካድሬው እነግራለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ዱላውን ለጅብ ብዬ ነበር ከበሩ ያነሣሁት። መቶ አለቃ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ካፒቴኑን ‹ጉም አለ፣ አትነሣ› ብዬዋለሁ!»

«አምንሃለሁ» አለ ዘይነዲን። «ያለ ጥፋትህ ሰባት ዓመት የታሰርክ ሰው፣ እኚህ ሽማግሌ ያለ ጥፋታቸው ሲታሰሩ ቁጭ ብለህ ስታይ እንዴት አስቻለህ?»

ካድሬው እያጉረመረመ የኦቦ ማሜን ገመድ ፈታ።

«እውነቱን ነው» አለች እኅተማርያም በድንገት። «አባቴ ያን ቀን ጠዋት ደብዳቤ ልኮልን ነበር። ‹መካኒኬ ከልክሎኛል፤ አለቆቼ ግን ግድ አሉኝ› ይላል። የደረሰን ከቀብሩ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ አለቆቹን ከሶ ማን ይኖራል? እናቴ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው። እኔም እንደተቆለፈ ተውኩት።»

ጫሊ ቀና ብሎ አያት። «ማታ ሲነበብ እዚህ ነበሩ፣ እመቤቴ።»

«ነበርኩ።»

«አንድ ቃል ቢናገሩ በየነም በሕይወት ይኖር ነበር።»

እንባዋ ወረደ። ጉሙ ተገፎ መንገዱ ወለል ብሎ ታየ፤ ካድሬው መኪናውን አስነሣ።

«ደብዳቤው ለፍርድ ቤት ያስፈልገኛል» አላት ዘይነዲን። «ለነፍሱ ባይደርስለትም ለስሙ ይደርስለታል። ነገ ይሰጡኛል?»

እኅተማርያም እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«መጀመሪያ ሐውልቱ ይመረቅ፤ ከዚያ» አለች።

ዘይነዲን ፊቱን ከእሷ አዞረ። ጫሊን ብብቱን ይዞ መኪናው ላይ አወጣው።