በሲና ስም የጻፍኳቸው ሦስት ነገሮች

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማመን ቢከብዳችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ... የልጄን ስም ባገኛችሁበት ቦታ ሁሉ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

ስሟ ሄራን ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበር። በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀኑ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ጠራራ ፀሐይ። ቦታው ሎስ አንጀለስ፣ ልጄ የምትማርበት ሃይስኩል የስፖርት አዳራሽ፣ ጂሙ ውስጥ። ስድስት መቶ ሰው አብሮኝ ተቀምጧል።

ከስድስት መቶው ሰው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ ግን የጀመረው ሰኞ ነው።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ በምሠራበት ሱቅ በርበሬ እየመዘንኩ ሳለ አዜብ ደወለች። አዜብ ጎረቤቴ ናት። ኮሪያታውን የሚባለው ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንኖረው፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። ኩሽናዋ ልክ ከኩሽናዬ በላይ ነው። ልጆቻችን በአንድ ወር ተወለዱ። የሷ ሲና፣ የኔ ሄራን። አሁን አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው።

"ለቱ! ሲናዬ ኮርት ገባች!"

"በስመ አብ! ምን አጥፍታ?"

"አይ አንቺ!" ሳቀችብኝ። "ፍርድ ቤት አይደለም እኮ። የሆምካሚንግ ኮርት! የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ በዓል ነው፤ ተማሪው መረጣት። ዓርብ ዘውድ ይደፉላታል፣ መምህራኖቿ በሕዝብ ፊት ያመሰግኗታል።"

"እሰይ! እንኳን ደስ አለሽ!" አልኩ።

አፌ ነው ያለው። አንጀቴ ግን እርር አለ።

እውነቱን ልናገር። ቀድማ ጥርስ ያወጣችው ሲና ናት። ቀድማ የሄደችውም ሲና። ፒያኖ የተማረችው ሲና፣ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ "እንዴት ታምራለች!" የሚላት ሲና። እኔ ሁልጊዜ አጠገብ ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

የኔ ሄራን ዝምተኛ ናት። በጎነቷ ቤት ውስጥ ነው የሚቀረው። ሳህን በማጠብ ማን ዘውድ ይደፋል?

ማታ ስነግራት ደስ አላት።

"አይቼዋለሁ እኮ እምዬ። እኔም ለሷ ነው ድምፅ የሰጠሁት።"

እሷ ያልቀናችውን... እኔ ቀናሁላት።

በማግስቱ ጠዋት አዜብ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች በሬን አንኳኳች። እጇ ላይ ቢጫ ወረቀት ይዛለች።

"ለቱዬ፣ ይህን ለመምህራቸው ለሚስ ሪቬራ ድሮፕ አድርጊልኝ። ዛሬ የእንግሊዝኛ ክላስሽ እዚያው ትምህርት ቤት አይደል? እኔ ደብል ሺፍት ነኝ፣ ሳንታ ሞኒካ መዋሌ ነው።"

"ባዶ ነው እኮ ይሄ።"

"ሶ ሙዪልኛ! በአማርኛም ይቻላል፣ እነሱ ያስተረጉማሉ። ስለ ልጅዎ እኛ የማናውቀውን ሦስት ነገር ይጻፉልን ነው የሚለው። ዓርብ ሚስ ሪቬራ ታነበዋለች። ሲናን አንቺም አሳድገሻታል፣ ምን ይጠፋሻል?"

ደረጃውን እየወረደች ዞር አለችና ሳቀች። "እየተማርሽ አይደል? ይኸው ሆምወርክ!"

ቀልዷ ነው። ግን ወጋኝ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ያስቆጠረችኝ ሄራን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የተማረችውን ይዛ ትመጣና ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋልኛለች። ከኋላዬ ትቆማለች። በትከሻዬ በኩል ጣቷን ሰዳ አንድ አንዱን ፊደል ትነካልኛለች። አንዴም "እንዴት ይህን አታውቂም" ብላኝ አታውቅም።

ቢጫውን ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ስለ ሲና ልጽፍ ነበር። እግዜር ያውቃል።

ስለ ሲና ሳስብ ግን ጫማዋ፣ ጸጉሯ፣ ዘውዷ ብቻ መጣብኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት ልጅቷን አላየኋትም ለካ... ያላትን ነው ያየሁት።

ስም በሚለው ቦታ "ሲና" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦

አንደኛ፣ ሳህን ስታጥብ ቃል የሌለው ዜማ ታንጎራጉራለች። ከየት እንዳመጣችው ማንም አያውቅም።

ሁለተኛ፣ በስድስት ዓመቷ እናቷ ታማ ተኝታ ሳለ ሾርባ ላሙቅላት ብላ ተቃጠለች። ጠባሳው እንደ ግማሽ ጨረቃ ሆኖ ቀኝ ሌባ ጣቷ ላይ አለ።

ሦስተኛ፣ እናቷን በዚያው ጣቷ ፊደል እያሳየች ማንበብ አስተማረቻት።

አዜብ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ሴት ናት። ሦስተኛውን ስትሰማ በሕዝብ ፊት እንደምታፍር አውቃለሁ። ግድ አልሰጠኝም። አንድ ጊዜ... አንድ ጊዜ ብቻ የልጄ ሥራ በማይክሮፎን ሲነገር ልስማ ብዬ ነው።

በእስክሪብቶ ነበር የጻፍኩት።

ለሚስ ሪቬራ ሰጠኋት። ከክላስ ስመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ሄራን ሳህን እያጠበች ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ። ቁጭ አልኩ። የሆነ ነገር ጎደለብኝ...

ውኃው ይወርዳል። ሳህኑ ይጋጫል። ሌላ ድምፅ የለም።

"ሄሩ፣ ዜማሽስ?"

"የምን ዜማ?"

"የምታንጎራጉሪው ነዋ።"

"እኔ?" ሳቀች። "መቼ ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ እምዬ?"

ልመልስላት አፌን ስከፍት ከላይ ሰማሁት። ከጣሪያው። ከአዜብ ኩሽና።

ውኃ ይወርዳል... ሳህን ይጋጫል... ሰው ያንጎራጉራል።

ሲና በሕይወቷ ሳህን ነክታ አታውቅም።

ረቡዕ ሄራን ከኋላዬ ቆማ መጽሐፌ ላይ ጣቷን አሳረፈች። አየሁት። ያዝኩት። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አገላበጥኩት። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ አሥሩንም።

"እምዬ፣ ምን ሆነሻል?"

"ጠባሳሽ..."

"የምን ጠባሳ?"

ጣቷ ለስላሳ ነበር። እንደ ሕፃን ጣት።

ሐሙስ ጠዋት አሳንሰር ውስጥ ከሲና ጋር ተገናኘን። ሌባ ጣቷ ላይ ፕላስተር ለጥፋለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

ዙሪያዋን አየች። ሁለታችን ብቻ ነን። ግን አንሾካሾከች።

"አላውቅም እትዬ። ትናንት ስነሳ ነበር። ለማሚ እንዳትነግሪያት።"

ፕላስተሩን ላጠችው።

ግማሽ ጨረቃ።

አዲስ ቁስል ቢሆን ጥሩ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ጠባሳ ነው። ጫፉ የነጣ፣ መሐሉ ለስለስ ያለ። ስንት ጊዜ ስሜዋለሁ፣ እኔ አላውቀውም?

ወደ ሱቅ አልሄድኩም። ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ።

ሚስ ሪቬራ እንዳየችኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወረቀቱን ስታነበው እንዳለቀሰች ነገረችኝ።

"ሚስ ሪቬራ... ፔይፐር... ሚስቴክ" አልኳት።

"ሚስቴክ? የቱ ጋ?"

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ይህ የሲና አይደለም፣ የልጄ የሄራን ነው ማለት። ያንን ያህል እንግሊዝኛ አለኝ።

ግን ከኋላዋ፣ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ የስምንቱ ተመራጮች ፎቶ ተሰቅሏል። በሲና ፎቶ ሥር ሦስቱ ነገሮች በትልልቅ ፊደል ታትመዋል። ተማሪዎች ቆመው ያነባሉ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ሽማግሌ አስተማሪ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

የሌሎቹን ሰባት ማንም አያነብም።

የልጄ ነገር ነው። ሰው ቆሞ እያነበበው ነው። ነገ ደግሞ በማይክሮፎን...

"ኖ" አልኳት። "ኢት ኢዝ ኦኬ።"

ያቺን "ኦኬ" እስክሞት አልረሳትም።

ዓርብ ጂም ውስጥ አዜብ በቀኜ፣ ሄራን በግራዬ ተቀመጡ። የሄራንን እጅ ያዝኩ። አጥብቄ ነው የያዝኩት።

ሲና ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ መቀነት የመሰለውን ሪባን በደረቷ አጋድማ ወጣች። ሰዉ ጮኸ። ሚስ ሪቬራ ወረቀቷን ዘረጋች።

አንደኛውን አነበበች። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ።

ሁለተኛውን አነበበች። ከፊታችን ያለች ሴት መሐረብ አወጣች።

ደስ አለኝ። ይኸው ነው ኃጢአቴ። በዚያች ሰዓት እንኳ... ደስ አለኝ።

ሦስተኛውን አነበበች።

እጄ ውስጥ ያለው እጅ አልቀዘቀዘም። ሞቃት ነበር። ግን የሰው እጅ ሆነ። አውቶቡስ ውስጥ የማታውቁት ሰው ሳያስበው እጃችሁን ሲነካ እንዴት ነው? እንደዚያ። ቀስ ብላ፣ በጨዋ ደንብ፣ ጣቶቿን ከጣቶቼ አወጣች።

"ይቅርታ እትዬ" አለችኝ።

ዞሬ አዜብን አየሁ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። "ይሄ ልጄ አይደለችም" እንድትል ጠበቅኩ። እንድትጮህ በልቤ ለመንኩ።

አዜብ እያጨበጨበች ነው። እኔን እያየች።

"ታድለሽ ለቱ" አለች። "እንዲህ ያለች ልጅ!" ከዚያ በኔ በኩል አሻግራ ሄራንን ገርመም አድርጋ አየቻትና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "የኔዋማ... ያው ዝምተኛ ናት።"

አፏ ፈገግ ብሏል። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

ያን ዓይን አውቀዋለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የኔ ነበር።

ሚስ ሪቬራ የሲና እናት ትነሣ አለች። ስድስት መቶ ሰው ወደኔ ዞረ። ሲና ዘውዷን በአንድ እጇ ይዛ እየሮጠች መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"እምዬ!"

ፓርኪንጉ ውስጥ ሄራን የአዜብን መኪና በር ከፍታ ስትገባ ደረስኩ።

"ሄራን!"

"አቤት እትዬ?"

አየችኝ። ደግ ናት፣ ሁልጊዜም ደግ ናት። ለጎረቤት በሚታዘን ዓይን ነው ያየችኝ።

"ደክሞሽ ነው መሰለኝ እትዬ። ውኃ ላምጣልሽ?" ከዚያ ወደ መኪናው ዘወር ብላ... "ማሚ፣ ውኃ አለሽ?"

አባቷ ሣህሌ ትራክ ነው የሚነዳው፤ ያን ቀን አሪዞና ነበር። ደወልኩለት።

"ሣህሌ... ሄራን..."

"ሄራን? የአዜብ ልጅ? ምን ሆነች?"

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ የሱ ቁጥር መሆኑን አየሁና መልሼ አስጠጋሁት።

"ይልቅ ሲናዬ ደስ አላት? ቪዲዮውን ላኪልኝ እንጂ!"

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነው። ፍሪጁ ላይ የሕፃንነት ፎቶ አለ፤ እኔ ነኝ ያቀፍኳት። ፊቷ የሲና ነው።

ሲና ክፉ አይደለችም። እሱ ነው የሚብሰው። ሳህን ታጥባለች፣ ታንጎራጉራለች፣ ስተኛ ታለብሰኛለች። ሰው "ታድለሽ" ይለኛል። ከላይ ደግሞ በአዜብ ኩሽና ውኃው ይወርዳል፣ ሳህኑ ይጋጫል... ሌላ ድምፅ የለም። ጣሪያውን እያየሁ እቆማለሁ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። በሰው ፊት ተነብቦ የሄደ፣ በሰው ፊት ተነብቦ ይመለስ እንደሆነ። ስለዚህ እባካችሁ አንብቡልኝ። ጮክ ብላችሁ።

ሳህን ስታጥብ የምታንጎራጉረው ሄራን ናት።

ለእናቷ ሾርባ ስታሞቅ የተቃጠለችው ሄራን ናት።

ማንበብ ያስተማረችኝ ሄራን...

አሁን ቅዳሜ ጠዋት ነው። አራት ሰዓት። ፀሐይ ደብተሬና እርሳሴ ላይ ወድቃለች። ኩሽና ውስጥ የነበረው ዜማ አሁን ቆመ።

ውኃውም ቆመ።

ከኋላዬ የሳሙና ሽታ መጣ። በትከሻዬ በኩል እርጥብ ጣት ተሰደደ። ግማሽ ጨረቃ ያለበት። ፊደል በፊደል ሄደ... ሄ... ራ... ን... እዚያ ላይ ቆመ።

"ጎበዝ እምዬ" አለች፣ በለሆሳስ። "እዚህ ጋ ብቻ ስሜን ተሳስተሻል።"

እርሳሱን ከእጄ ወሰደች።

በላጲሱ በኩል አዙራ... መለሰችልኝ።