ዣንጥላው በቀኝ እጅ

ዊላ ስትነቃ ጥላው ጥሏት ሄዷል። ስትተኛ ከራሷ እስከ እግሯ ሸፍኗት የነበረው የግራሩ ጥላ ዞሮ ባዶ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል፤ የእሷ እግር ግን ፀሐይ ላይ እንደ ቋንጣ ተሰጥቷል።

አልተናደደችም። በአሪዞና በረሃ በቀትር እንሽላሊት እንኳ አይንቀሳቀስም፤ መንገደኛ ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ሙቀቱ ሲረግብ ይነሳል። ኮዳዎቿን ነቀነቀቻቸው፤ ውሃው ተንቦጫቦጨላት። የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባች ቶርቲላ፣ ስስ ቂጣ፣ ጠቅልላ ጎረሰች፣ ቦርሳዋን አዘለች፣ ሁለቱን ምርኩዞቿን በግራ እጇ ይዛ፣ ብርማ ዣንጥላዋን በቀኝ እጇ ዘርግታ ጉዞዋን ቀጠለች።

ዓመቱን ሙሉ ስትለምነው የኖረችው ቀን ነው። አክስቷ ሎርና ይህን መንገድ በወጣትነቷ ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ጫፍ ብቻዋን በእግሯ ጨርሳዋለች። ዛሬ ጠዋት ዊላን መንገዱ ላይ አውርዳ፣ መኪናዋን ይዛ በስተሰሜን አስፋልቱ ጋ ልትጠብቃት ሄደች። ውሉ ግልጽ ነው፦ ዊላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከደረሰች የሚቀጥለውን ሳምንት ሙሉ ብቻዋን ትሄዳለች። ካልደረሰች አክስቷ ከነማንኮራፋቷ አብራት ድንኳን ትገባለች። አንድ ምክርም ጨምራ ነበር፤ ቀትር ላይ ስትተኚ የምርኩዞችሽን ጫፍ ወደምትሄጂበት አቅጣጫ አዙረሽ አስተኚያቸው ብላ።

«አክስቴ፣ እኔ እኮ ጥጃ አይደለሁም» ነበር የዊላ መልስ። «ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ።»

እና አሁን እየሄደች ነው። ቆቆች ከቁጥቋጦው ሥር ይንጫጫሉ፣ አሸዋው ከጫማዋ ሥር ይንኮሻኮሻል። አልጋዋም ማዕድ ቤቷም ጀርባዋ ላይ ነው፤ ማንም «ሳህኑን እጠቢ» አይላትም። ከፊት ለፊቷ የመጣ የአንድ ሰው ዱካ አየች፤ ጫማው የእሷን ያህል ትንሽ፣ እርምጃው ሰፋ ያለ። ይቺ ልጅ ማን ትሆን፣ አረማመዷ እንዴት ያምራል ብላ አደነቀች።

ዱካውን እያደነቀች ሳለ ከመታጠፊያው ጋሽ ሾርባ ብቅ አሉ። በዚህ መንገድ እናት ባወጣችው ስም የሚጠራ የለም። ስም የሚያወጣልህ አብሮህ የሚሄድ ሰው ነው፤ ለራሱ ስም የሚያወጣ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ሽማግሌው ማታ ማታ ሾርባቸውን ስለሚደፉ ሾርባ ተባሉ። ዊላ ገና ስም የላትም፤ ይህ ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋታል። ጠዋት ጋሽ ሾርባን ሽው ብላ ስታልፋቸው፣ ይቺን ፍጥነት አይተው አንድ ጥሩ ስም ቢያወጡልኝ ብላ ተመኝታም ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ረስተሽ ተመለስሽ?» አሏት።

«እኔ ምንም አልረሳሁም፤ የተመለሱት እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ጋሼ።»

ምርኩዛቸውን ተክለው ቆሙና አተኩረው አዩዋት። «ጠዋት ዣንጥላሽን በየትኛው እጅሽ ነበር የያዝሽው?»

«በቀኝ።»

«አሁንስ?»

ዊላ ቀና አለች። ጠዋት ወደ ሰሜን ስትሄድ ፀሐይዋ በምሥራቅ፣ በቀኟ ነበረች። አሁን ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራለች፤ ግን አሁንም በቀኟ ናት።

«ፀሐይዋ ለአንቺ ስትል ሳትዞር ቀረች?» አሉ ጋሽ ሾርባ።

ያደነቀችው ዱካ የራሷ የጠዋት ዱካ ነበር። ከእንቅልፏ ተነስታ ወደመጣችበት ስትገሰግስ ቆይታለች። ፊቷ ከአሸዋው በላይ ጋለ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ እሳቸውም አንድ ጊዜ እንዲሁ ሄደው ሌሊት ያነደዱትን እሳት አመድ ዳግም እንዳገኙት አወሩላት። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም።

«ስም የለሽም አይደል?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በቃ፣ ኋሊት ነሽ።»

ዊላ ሌላ ስም እንዲፈልጉላት ለመነቻቸው። እሳቸው ግን የማውጣቱ ሥራ የእኔ ነው፣ መቀበሉ የአንቺ፤ ካልጣመሽ እዚሁ አሸዋ ላይ ጥለሽው ሂጂ፣ ለማንም አልናገርም አሏት።

ዣንጥላዋን ወደ ግራ እጇ አዛውራ ተመለሰች። የተኛችበትን ግራር አልፋ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ አቀበቱን ወጣች። ጥላዋ ረዝሞ በቀኟ ሲከተላት አንድ የመኪና ጥርጊያ መንገድ ላይ ደረሰች። አንዲት ጎልማሳ ሴት ለከብቶቿ ውሃ የጫነችበትን ፒክአፕ አቆመችላት። ጥርጊያው የሚወጣው አስፋልቱ ላይ እንደሆነ፣ ከገባች ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደምታደርሳት ነገረቻት።

ዊላ መቀመጫውን አየችው። ከኮረብታው ጀርባ ከመኪናው ብትወርድ አክስቷ በምን ታውቃለች? ሳምንቱ የእሷ ይሆናል። ከዚያ የቀረውን መንገድ አየች። ኮረብታው ወደ ሮዝ እያደላ ነው፣ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ነፋስ አንገቷን ነካት፣ ግማሽ ኮዳ ውሃ አላት፣ ግንባሯ ላይ የምታስረው ባትሪም ተሞልቷል። እግሯ አልደከመውም፤ እንዲያውም ገና መሞቁ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ በእግሬ ነው የምሄደው» አለች። «አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ መኪና ይዛ የምትጠብቅ ሴት አለች። ደህና ናት፣ ውሃም አላት፣ ግን ሳይጨልም አትደርስም ይበሉልኝ።»

«ማን ልበላት?»

 ሙቀት ያዘኝ ማለት ይቻላል። ጫማ ላጠኝ ማለትም ይቻላል።

«ኋሊት ይበሏት» አለች። «ከእንቅልፏ ተነስታ ወደ ደቡብ ስትሄድ ነበር ይበሏት። የምርኩዙን ነገር ታውቀዋለች።»

ሴትየዋ እየሳቀች ሄደች። አቧራው ሲረጋ ዊላ ዣንጥላዋን አጥፋ ቦርሳዋ ላይ አሰረችው። ጫማዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ ልታራግፍ ድንጋይ ላይ ልትቀመጥ አለችና ቆመች። መጀመሪያ ምርኩዞቿን መሬት ላይ አጋደመች፤ ጫፋቸው ወደ ሰሜን። ከዚያ ተቀመጠች።