ወደ ቤት ሩጫ

«ፈገግታ! ጥርስ ማየት እፈልጋለሁ!» አለች ሎሬል።

በሩ ጠባብ ነው። ሁሉም ፊቶች በአንድ ጊዜ እንዲታዩ ከታች ያሉት ተንበርክከው፣ የመካከለኞቹ ጎንበስ ብለው፣ የላይኞቹ ደግሞ ወንበር ላይ ቆመው መዝፈን አለባቸው። ዊላ ከታች ነበረች። የማርጎ ክርን ጭንቅላቷ ላይ አርፏል። ከግድግዳው ማዶ የዶርሙ ልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ይጮኻሉ፤ የአንድ ሰው ጂንስ ቁልፍ ከብረቱ ጋር እየተጋጨ የራሱን ምት ይመታል።

«ማሽኑ ከእኛ የተሻለ ምት ይጠብቃል» አለች ማርጎ ከላይ።

«ማርጎ!»

«እሺ፣ እሺ። ጥርሴ ይኸው።»

ሌሎቹ የእህትማማቾች ማኅበራት፣ ሴት ተማሪዎች አባል የሚሆኑባቸው፣ ኮረብታው ላይ ቤት አላቸው። ሰፋፊ በረንዳ፣ ነጫጭ ምሰሶ፣ ከበሩ በላይ በትልቁ የተሰቀለ፣ የማኅበሩ ስም የሆነ የግሪክ ፊደል። የእነዊላ ማኅበር ግን እዚህ ኮሌጅ ቅርንጫፉን የከፈተው ገና መስከረም ላይ ነው። ያለው ይህ ኮሌጁ ያዋሰው ምድር ቤት ብቻ ነው።

ቅርንጫፉን እንድትመሠርት ከዋናው ጽሕፈት ቤት የተላከችው ሎሬል ናት። ራሷ ከተመረቀች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። በሁለት ሻንጣ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረች ማኅበር ትተክላለች። መስከረም ላይ ዊላ ካፌ ውስጥ ብቻዋን እየበላች ሳለ ሎሬል ሳህኗን ይዛ መጥታ፣ «ሰው አለው?» ብላ ወንበሩን አሳየቻት። ዊላ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ነበር። ሙዚቃ አልነበረውም። ብቻዋን የምትበላ እንዳትመስል ነበር የምትሰካው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ዊላ ስትዘገይ ወንበር የሚይዝላት ሰው አለ። ይህን ለእናቷ በስልክ ልትነግራት ሞክራ ነበር፤ ስትናገረው ግን ነገሩ ትንሽ ሆነባት።

አሁን ጥር ነው። ማኅበራቱ ሁሉ አዲስ አባል የሚቀበሉበት ሳምንት። ፍሬሾቹ ሳምንቱን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ ይጋበዛሉ፣ ይዘፈንላቸዋል፤ ቅዳሜ የሚፈልጉትን ማኅበር አንደኛና ሁለተኛ ብለው ይመርጣሉ። ማኅበራቱም በፊናቸው ይመርጣሉ። እሑድ ቀትር ላይ ሜዳው ላይ ፖስታ ይታደላል፤ ልጆቹ በአንድ ጊዜ ይከፍቱትና ወደተቀበላቸው ማኅበር በሩጫ ይሄዳሉ። «ወደ ቤት መሮጥ» ይሉታል። ወደ እነዊላ በቂ ልጆች ካልሮጡ ዋናው ጽሕፈት ቤት ቅርንጫፉን እንደማያቆየው ሎሬል ከገና በፊት ነግራቸዋለች።

«አንድ ወንበር ይጎድለናል» አለች ሎሬል። ከዚያ ስልኳ ጠራና ወጣች።

ዊላ ወንበር ፍለጋ ኮሪደሩን ስታቋርጥ የሎሬልን ድምፅ ከደረጃው ሥር ሰማች።

«ተወስኗል ማለት ነው?... ስንትም ቢመጣ?... አይ፣ ገባኝ። ታዲያ ለምን አስዘፍናቸዋለሁ?... እሺ። ሰኞ እነግራቸዋለሁ።»

ሎሬል ስትዞር ዊላን አየቻት። ስልኩን ኪሷ ውስጥ ለመክተት ሞከረች፤ የለበሰችው ቀሚስ ኪስ አልነበረውም።

«ምን ያህል ሰማሽ?»

«ስንትም ቢመጣ የሚለውን።»

ሎሬል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ኮሌጁ ትንሽ ነው አሉ። ከመጀመሪያውም መከፈት አልነበረበትም አሉ።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን አፍንጫዋ ላይ ቀረ። «ዘንድሮ ሲዘጋብኝ ሁለተኛዬ ነው።»

«ለልጆቹ እንንገራቸው።»

«ከዚያስ? ነገ ማን ይዘፍናል? ዊላዬ፣ እስቲ እያቸው። ማርጎ እንኳ ጥርሷን እያሳየች ነው። ሁለት ቀን ተይላቸው።»

«የሚመጡትስ? አንዴ ከመረጡንና ከተቀበልናቸው ሌላ ማኅበር እኮ አይወስዳቸውም። እስከሚቀጥለው ጥር።»

ሎሬል ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «ወንበሩን አግኝተሻል?» አለች።

ዊላ ወንበሩን ይዛ ተመለሰች። ከበሩ ሥር ተንበረከከች። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

በማግሥቱ የመጨረሻው ግብዣ ካለቀ በኋላ ዊላ ዶርም ስትገባ ሬናታ ጫማዋን እንዳደረገች አልጋዋ ላይ ተጋድማለች። ስልኳ ደረቷ ላይ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ አንድ ክፍል ይኖራሉ። ከዚያ የመጨረሻ ግብዣ በኋላ ፖስታው እስኪታደል ድረስ የማኅበር አባላት ከዕጩዎች ጋር ስለ ምርጫው መነጋገር ክልክል ነው። አንድ ክፍል የሚያድሩ ከሆነ ስለ መብራት፣ ስለ ማሞቂያ፣ ስለ በር ቁልፍ ብቻ ያወራሉ።

«ማሞቂያውን ልቀንሰው?» አለች ሬናታ። «ይሄ ይፈቀዳል ወይስ ፖሊስ ልጥራ?»

«ይፈቀዳል።»

«ተመስገን። ሦስት ደቂቃ ዝም ስል እብድ ልሆን ነበር።» ተገልብጣ በክርኗ ተደገፈች። «አንደኛ ማንን እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። ባለ ምሰሶዎቹን። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም።»

«ጥያቄው ሁለተኛው ነው። እናንተን ከጻፍኩ ቢያንስ አንድ ቦታ እገባለሁ። እናንተ ማንንም አትጥሉም አይደል? ውይ... ለክፋት አይደለም እኮ።»

«እውነት ነው። አንጥልም።»

«ካልጻፍኳችሁና እነዚያ ከጣሉኝ ግን ባዶ እጄን ቀረሁ። ከእራት በፊት መላክ አለብኝ። እና ንገሪኝ አቦ፣ ልጻፍ?»

ዊላ ጃኬቷን ማውለቅ ጀምራ ተወችው። ሕጉ ጥሩ መደበቂያ ነበር። «መናገር አይፈቀድልኝም» ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ ሬናታም ሁለቱን ትጽፋለች። ምናልባት ነገ ሬናታ በረዶውን እየረገጠች ወደ እሷ ትሮጣለች። ለጥቂት ቀን በዚያ ጠባብ በር ውስጥ ፊታቸው ጎን ለጎን ይሆናል። ይህን ምን ያህል እንደምትፈልገው ስታውቅ ደነገጠች።

«አትጻፊን» አለች።

«ምን?»

«አንደኛሽን ብቻ ጻፊ። ካልተቀበሉሽ በነፃ ትቆያለሽ፤ በኋላ ሌላ ማኅበር ሊጠራሽ ይችላል። እኛ... ልንዘጋ ነው። ተወስኗል።»

ሬናታ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የዊላን ፊት አይታ ቁጭ አለች።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት።»

«ትናንት? ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሎሬል እጄን ይዛ፣ እስክናረጅ እህትማማች ነን ስትለኝ አጠገቧ ነበርሽ። ስታጨበጭቢ ነበር። እንባሽ ሁሉ መጥቶ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እና የቱን ልመን? ጭብጨባውን ወይስ ይሄን?»

ዊላ በከፊል ያወለቀችውን ጃኬት መልሳ ለበሰች።

«አንድ ነገር ልንገርሽ?» የሬናታ ድምፅ ዝቅ አለ። «አንፈልግሽም ማለት ይቻላል። ሰው ይሄን ይችለዋል። ልንዘጋ ነው ምናምን እያሉ ሙድ መያዝ ግን ሼም ነው።»

«ሬን፣ እውነቴን ነው...»

«ማሞቂያውን ቀንሺው» አለች ሬናታ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስልኳን ነካካች። ምን እንደጻፈች ዊላ አላየችም።

እሑድ ጠዋት ዊላ የቦት ጫማዋን ክር እያሰረች ሳለ የሬናታ ስልክ ጠራ። ማንም ያልተቀበላቸው ልጆች ሜዳው ድረስ መጥተው እንዳይዋረዱ ቀደም ብሎ ይደወልላቸዋል። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ስለዚህ በዚያ ጠዋት ስልክ ሲጠራ ዶርሙ ሁሉ ጸጥ ይላል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ሬናታ። «አዎ... ገባኝ... አመሰግናለሁ።»

ስልኩን በግንባሩ ደፋችው።

«አመሰገንኳት እኮ» አለች። «ጣሉኝ፣ እኔ ደግሞ አመሰገንኳት።»

ዊላ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈች፤ ከሥሩ ያለው እግር ሸሸ።

«ሌላ ጊዜ ሊጠሩሽ ይችላሉ። በነፃ ስላለሽ...»

«ብጽፋችሁ ኖሮ አሁን እኔም ጫማዬን እያሰርኩ ነበር።» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «ለጥቂት ቀን ቢሆንስ? ማን ጠየቀኝ? ሦስት ቀንም ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«አላመንሽኝም ብዬ ነበር።»

«አላመንኩሽም። እልህ ይዞኝ ነው ያልጻፍኳችሁ።» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች። «ሂጂ በቃ። እህቶችሽ ይጠብቁሻል።»

ሌሎቹ ማኅበራት እያንዳንዳቸው በረንዳቸው ላይ ቆመዋል። እነዊላ የሚቆሙበት በረንዳ ስለሌላቸው ከዶርሙ ጀርባ ያለውን የመኪና ማቆሚያ መርጠዋል። በረዶውን በአካፋ ጠርገው፣ ከካርቶን የተቆረጡትን ፊደሎች በአንድ የቆሸሸ መኪና ላይ አስደግፈዋቸዋል። ነፋሱ የመጀመሪያዋን ፊደል ደጋግሞ ይጥላታል፤ ማርጎ ደጋግማ ታነሣታለች።

«ይቺ ፊደል እንደኔው ናት» አለች ማርጎ። «ቅዳሜ ማታ ከጠጣሁ በኋላ።»

ሳቁ። ዊላም ሳቀች። ሎሬል ራቅ ብላ የልጆቹን ፎቶ ታነሣለች፤ ስልኩን ከፊቷ አላወረደችውም።

ፊሽካው ተነፋ። ከሜዳው አንድ ትልቅ ጩኸት ተነሣ፤ ከዚያ ሩጫው። በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ፖስታቸውን ከፍ አድርገው ሽቅብ ወደ ኮረብታው ተመሙ። በረንዳዎቹ አንድ በአንድ በጩኸት ተቀበሏቸው። በረዶው ላይ የነበረው የቦት ጫማ ኮሽታ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ።

ሜዳው ባዶ ሆነ።

«ምናልባት የኛዎቹ ቀርፋፎች ናቸው» አለች ማርጎ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ያኔ አንዲት ልጅ ከሜዳው ጥግ ብቅ አለች። እየሮጠች ነበር፣ የምርዋን፣ እጆቿን እያወናጨፈች። መታጠፊያው ላይ ተንሸራትታ በጉልበቷ ወደቀች፤ ተነሥታ ደግማ ሮጠች። ከኋላዋ ሌላ ልጅ ትመጣለች። ያቺኛዋ አትሮጥም። ፖስታዋን ለሁለት አጥፋዋለች፤ በየእርምጃው ዞር እያለች ኮረብታውን ታያለች።

ሌላ ሰው አልመጣም።

የሮጠችው ኢንግሪድ ትባላለች። ዊላ ሐሙስ ዕለት አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ታናሽ ወንድሟ ርግቦች ስታወራ ሰምታታለች። ኢንግሪድ ሌላውን ሁሉ አልፋ ዊላ ላይ ተጠመጠመች። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«መረጣችሁኝ! እኔን!» አለች። «ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት፣ አለቀሰች። ኳስ ስንጫወት እንኳ ሁሌ መጨረሻ ላይ የምቀር እኔ ነበርኩ እኮ!» ቀና ብላ ዙሪያውን አየች። የቆሙትን መኪናዎች፣ ካርቶኑን፣ የዶርሙን የኋላ በር። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ምንም አልቀነሰም። «ቤታችን የቱ ነው?»

«ቤት የለንም» አለች ዊላ። «ክፍል ነው ያለን። ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ።»

«ልብስ ማጠቢያ!» ኢንግሪድ ሳቀች። «በቃ፣ የቆሸሸ ልብሴን ይዤ እመጣለኋ!»

ከኋላቸው ሎሬል ማጨብጨብ ጀመረች። ልጆቹ ተቀበሏት። ለሁለት ልጆች ነው የዘፈኑት፤ ግን እንደዚያ ጮኸው ዘፍነው አያውቁም። ማርጎ አንገቷ ላይ ሥሩ እስኪገተር ትጮኻለች። የዊላ አፍ በልማድ ለመጀመሪያው ቃል ተከፈተ።

ነገ ሎሬል ሁሉንም ምድር ቤት ሰብስባ ትናገራለች። ኢንግሪድ በዚያ በር ውስጥ በሰው መሀል ቆማ ትሰማለች፤ ማልቀስ እንዳለባት እስክትወስን ሁሉም ፊቷን ያያል። ነገ ሊሆን ይችላል። ወይም ዛሬ፣ ለብቻዋ ስትሆን፣ ሊሆን ይችላል። ዊላ ሎሬልን አየቻት። ሎሬል እያጨበጨበች ዓይኗን ወደ በረዶው አወረደች።

ዊላ አፏን ገጠመች።

«ጉልበትሽ ረጥቧል» አለቻት ለኢንግሪድ። «ነይ፣ ዶርምሽ ድረስ ልሸኝሽ። ሱሪሽን ቀይሪ፣ ይበርድሻል።»

«አሁን? ዘፈኑስ?»

«እነሱ ይጨርሱታል።»

ማርጎ ሲሄዱ አይታ፣ እየዘፈነች በእጇ «ወዴት ነው?» አለች። ኢንግሪድ ክንዷን በዊላ ክንድ ውስጥ አስገባች፤ ርግቦቹ ስም እንዳላቸው፣ አንዷ አንድ እግር ብቻ እንዳላት፣ በሚቀጥለው በዓል ዊላ ቤታቸው መጥታ እንደምታያቸው ታወራ ጀመር። የኢንግሪድ ዶርም ከመኪና ማቆሚያው ይታያል። መንገዱ አጭር ስለነበር ዊላ ቀስ ብላ ተራመደች።