ሽንብራ የምታህል ኳስ

ሞያሌ ውስጥ አውቶማቲክ ካምቢዮ ከአውሬ እኩል ይፈራል። የፍየል ነጋዴው ሀጂ ሀምዳን ወደ ጎልቦ ቆላ የሚመላለሱበት መኪና ካምቢዮው ሲበላሽ የከተማው መካኒክ ሁሉ በሩቁ ሸሸው። ነቢል ብቻ፣ ያውም አውቶማቲክ ፈትቶ የማያውቀው ነቢል፣ «እዚሁ ግቢያችሁ ልሞክረው» አለ።

«ሀያ ፉንዲ፣ እሺ፣ ሞክር» አሉ ሀጂ፤ መካኒክን ፉንዲ ነው የሚሉት። «እስከ ሐሙስ ካልሠራ ግን ለቁርጥራጭ ብረት እሸጠዋለሁ፤ አንተም እዚህ ድርሽ እንዳትል!»

ልጃቸው ዙሌይካ ረዳት ሆነች። እሱ እየፈታ ሲያቀብላት እሷ አጥባ ሸራ ላይ በተራ ትደረድራለች፤ እያንዳንዱንም በጠመኔ ከብባ ቁጥር ትጽፍበታለች። ሲገጥም ደግሞ «ቀጥሎስ?» ይላታል፤ ታቀብለዋለች። ዘይት የነካው ጣቱ ጣቷን ሲነካ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ዙሌይካ ያን ዝምታ ወደደችው። ልጁንም ወደደችው፤ ምን ይደበቃል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ልቧ ደነገጠ። መኪናው ከተነሳ ነቢል በምን ሰበብ ይመጣል? ሸራው ላይ ከቀሩት ዕቃዎች ሽንብራ የምታህለውን የብረት ኳስ አንስታ በሻሿ ጫፍ ቋጠረችና የጠመኔውን ክብ በእግሯ አጠፋችው። አንድ ሁለት ቀን ላትርፍ ብላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው ተነሳ። ወደ ፊት ሄደ፤ ወደ ኋላ ግን እምቢ አለ። አፍንጫው አጥሩን ተደግፎ ቀረ።

የነቢል ፊት አመድ መሰለ። «ፖሌ፣ ሀጂ፤ ይቅር ይበሉኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ መፍቻዎቹን ይሰበስብ ጀመር። ወደ ዙሌይካ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው።

«የሱ ጥፋት አይደለም፣ አባ!» ሻሿን ፈትታ ኳሷን በመዳፏ ዘረጋች። «እኔ ነኝ የደበቅኋት። እንዳይሄድብኝ ብዬ።»

የሀጂ መቁጠሪያ ቆመ። ነቢል ኳሷን አየ፣ ዙሌይካን አየ፤ ተመልሶ ከመኪናው ስር ገባ። ዘይቱን አፍስሶ የታችኛውን ክዳን ሲያወልቅ ቆየ። ከዚያ ድምፁ ብቻ ተሰማ።

«ዙሌይካ፣ ቀጥሎስ?»

እንባዋን እየጠረገች አቀበለችው።

ከአስር ሰላት በፊት መኪናው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ከግቢው ወጣ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ ሀጂ፣ ሊቆጡ አስበው ሳቅ እያሸነፋቸው። «የሚፈልግሽ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ኳስ ይደበቅለታል?»

ነቢል እጁን በጨርቅ እየጠረገ አንገቱን ደፋ። «ሽማግሌዎቹንማ ለምኜ ጨርሻለሁ፣ ሀጂ። ታላቃቸው አባ ሀላኬ ‹መጀመሪያ መኪናቸውን አስነሳ፤ ያኔ አፋችንን ሞልተን እንጠይቅልሃለን› ብለውኝ ነው።»

ከዚያ ወደ ዙሌይካ ዞረ።

«ከጠዋት ጀምሮ ለብሰው ተቀምጠዋል። እስካሁን ያስቀመጥሻቸው አንቺ ነሽ።»