ያልተባለው ስንብት

መቶ አለቃ ቬንት እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል። ሞተሩ ደረቱን ጨፍልቆታል፤ ፊቱ ፊት አይመስልም። ለሙከራ ያበረረው ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ አውሮፕላን የላይኛውን ክንፍ አየር ላይ ጥሎ ነው የወደቀው።

ክንፉን ጨርቅ ያለበሰችው ሄድቪግ እጇ በካቴና ታስሯል። «ስፌቷ ተተርትሮ ነው» ብሎ የከሰሳት አውሮፕላኑን የነደፈው ኢንጂነር ብሪንክ ነው። ጀርመን በጦርነት ላይ ናት፤ ጥፋቱ ከጸናባት ትረሸናለች።

ግራ እጁን ምሽግ ውስጥ ጥሎ የመጣው ነጭናጫ መርማሪ ሻምበል ኮርድስ ደሙ ላይ ተንበረከከ። የስፌቱን ክር በጥርሱ ነክሶ ሳበው፤ አልተበጠሰም። ከዚያ ክንፉን ይዞ የነበረውን ብሎን አነሳ።

«ሲነሳ አጠገቡ ማን ነበር?»

«እኔ፣ ኢንጂነሩና የመካኒኮቹ አለቃ ጋሼ ሃበርኮርን» አለች ሄድቪግ።

«ምን አላችሁት?»

«ያው የተለመደውን ነዋ! እኔና ኢንጂነሩ ‹አንገትህም እግርህም ይሰበር› አልነው።» ለአብራሪ መልካም መመኘት መዓት ይጠራል ስለሚባል፣ የአውሮፕላን ሜዳው ስንብት ይኸው ነው። «ጋሼ ግን ‹እግዚአብሔር ይከተልህ› አሉት። ‹ጃጀህ እንዴ ሽማግሌው?› ብሎ ሳቀባቸው።»

ኮርድስ ሦስቱንም አስከሬኑ ፊት ሰበሰበ።

«ስፌቱ ደህና ነው። ጨርቁ የተቀደደው ክንፉ ከተገነጠለ በኋላ ነው። ብሎኑን እዩት፤ ግማሹ ሻካራ፣ ግማሹ ለስላሳ። ለስላሳው በመጋዝ የተቆረጠ ነው፤ እንዳይታይ በሰም ተደፍኗል። ከሦስታችሁ መጋዝ የሚይዙት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ ኢንጂነሩና የመካኒኮቹ አለቃ።»

«የገዛ ሥራዬን ላፈርስ?» ብሎ ጮኸ ብሪንክ።

«አንተማ የለመድከውን አልከው። አቶ ሃበርኮርን፣ ባለፈው ወር ከዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ጋር የተከሰከሰው ልጅዎ ነው። አውሮፕላኑን ደህና ነው ብሎ የፈረመው ቬንት ነው። ዕድሜዎን ሙሉ ሲሉት የኖሩትን ቃል ዛሬ ለምን ዋጡት?»

ሽማግሌው ሬሳውን ትኩር ብሎ አየ።

«ክንፉ እንደሚንቀጠቀጥ እያወቀ ነው የፈረመው። ልጄን በባልዲ ነው የሰጡኝ! ወር ሙሉ የዚህን ሰው አንገት መሰበር ስመኝ ከረምኩ። ዛሬ ፊቱ ቆሜ ልለው ስል አንደበቴ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ስታሰርስ፣ ጋሼ?» አለች ሄድቪግ። «ያኔም አንደበትዎ እምቢ አለዎት?»

ኮርድስ ካቴናዋን በአንድ እጁ ሲፈታ፣ ሃበርኮርን ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘረጋ።