ሰያፉ ቀይ መስመር

ኑ፣ ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ እዚህ ጋ ዝናብ አይነካችሁም። በደርግ ጊዜ፣ ክረምት ላይ፣ ኮልፌ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ።

ተክለሃይማኖት ዩኒቨርሲቲ የመረጃ አያያዝና ሥራ አመራር ይማር ነበር። አንድ ጠዋት በተከራየበት ቤት የድንጋይ ደረጃ ሥር፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ጭቃ ላይ ሞቶ ተገኘ። አብዮት ጥበቃዎች አከራዩን ጋሽ ጀማልን ያዙ። «በሰዓት እላፊ በር እያንኳኳህ ታስፈጀኛለህ» ብለው ጋሽ ጀማል ከዚያ በፊት ልጁን ሲቆጡ ጎረቤት ሰምቷቸዋል።

«ስድስት ሰዓት ላይ ወደ በላይ አካል ይተላለፋሉ» ተባለ። ያን ጊዜ የተላለፈ ሰው መመለሱን እንጃ።

መርማሪዋ መቶ አለቃ አስካለማርያም ሰዓቷን እያየች ወደ ሟች ክፍል ገባች። ጠረጴዛው ላይ ከሬሳው አጠገብ የተነሳ አንድ የጫማ ካርቶን አለ፤ ውስጡ ኮምፒዩተር በቀዳዳቸው የሚያነባቸው ካርዶች ተደርድረዋል። የሟች እህት እሙ ከሳንሱሲ፣ ካደረችበት ከአክስቷ ቤት፣ ገና መድረሷ ነው።

«ጫፋቸው ላይ ያለው ቀይ መስመር ምንድን ነው?» አለቻት አስካለማርያም።

«ተክሌ ነው ያሰመረው። ደርድሮ ሰያፍ ያሰምርባቸዋል። ተራቸው ከተዛባ ኮምፒዩተሩ አይቀበልም፤ ከተበተኑ በመስመሩ መልሶ ይገጥማቸዋል። መመረቂያው ነው። የበለጠ የሠራው አንዱ ውጭ ይላካል ተብሏል።»

«አንዱ ማለት?»

«ወይ እሱ፣ ወይ ይገዙ።»

ይገዙ የክፍል ጓደኛው ነው፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ።

«ስደርስ ሞቷል። ምንም ሳልነካ ጮህኩ» አለ፣ አንድ ቦታ መቆም አቅቶት።

አስካለማርያም ካርዶቹን አንድ በአንድ መዘዘች። አንዱ ንጹሕ፣ ቀጣዩ ጭቃ የነካው፣ ቀጣዩ ንጹሕ። መስመሩ ግን አልተሰበረም።

ጋሽ ጀማልን ከታሰሩበት ቀበሌ አስመጣች። ሁሉም ሲሰበሰቡ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው።

«እስቲ አንሱልኝ።»

ጋሽ ጀማል እንዳገኙ ቆለሉ። «ልጄ፣ እኔ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ፤ እንኳን ይሄን ካርታ መጫወትም አልችል።»

ይገዙ ስለ ዝናቡ እያወራ ነበር። እጁ ግን ካርዶቹን በቀዩ መስመር ያሰልፋል።

«እጅህን እየው» አለችው አስካለማርያም።

እጁ ቆመ።

«ካርዶቹ ከልጁ ጋር ጭቃ ላይ ተበትነዋል፤ ለዚህ ነው በየመሃሉ ጭቃ ያለው። ከዚያ አንድ ሰው ለቅሞ በተራቸው መለሳቸው። ሟች አይለቅምም። እሙ ሳንሱሲ ነበረች። ጋሽ ጀማል አያውቁበትም፤ አይታችኋል። አንተ ምንም አልነካሁም አልክ፤ የለመደ እጅህ ግን የተበተነ ካርድ ማየት አይችልም። ይዘህ ልትሄድ ስትል የጋሽ ጀማል በር ተከፈተ፤ ካርቶኑን እዚያው ጥለህ ጮህክ።»

«ካርቶኑን ብቻ ነው የሳብኩት» አለ ይገዙ። «እሱ አዳለጠው።»

«ያኔ ይተነፍስ ነበር?» አለች እሙ ቀስ ብላ።

ይገዙ ካርዶቹን ከፊቱ ገፋ አደረገ።

«ያቃስት ነበር። ግን... ካርዶቹ እየራሱ ነበር።»

ጋሽ ጀማል ሲፈቱ ወደ ቤታቸው አልገቡም። ደረጃውን ወርደው ልጁ የወደቀበትን ጭቃ በካፖርታቸው ሸፈኑት።

ሰውና ዕቃ አንድ ላይ የወደቁ ቀን፣ ልጆቼ፣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ አስታውሱ። አደራ።