ጫማዎቹ ያላሉት

ሁለቱ የግመል ቆዳ ጫማዎች አየር ላይ ተገለባብጠው አሸዋው ላይ ዱብ ዱብ አሉ። አሩፔ አጎንብሳ አየቻቸው። አንደኛው ተገልብጦ ሶሉ ወደ ሰማይ ሆኗል፤ ሌላው ጣቱን ወደ ተራራው አዙሯል። ከዚህ የባሰ አወዳደቅ አታውቅም።

«እህ፣ እንዴት ወደቁ?» አሏት አያቷ በሹክሹክታ።

አያቷ ሎፔዮክ ጫማ ወርውረው የሚያነቡ አዋቂ ናቸው። በዚያ የቱርካና ሰፈር ግመል የጠፋበትም ልጅ የታመመበትም እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ጠያቂው ለጫማዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል፤ መልሱ የአምላካቸው የአኩጅ ነው፣ አኩጅ ሲናገር ደግሞ አይታይም። ዘንድሮ የሽማግሌው ዓይን ጭራሽ መፍዘዙን ግን ማንም አላወቀም። አሩፔ ለእረፍት ከአዳሪ ትምህርት ቤት ከመጣች ጀምሮ ዓይናቸው እሷ ናት።

የዛሬዋ ጠያቂ እናቷ አኩዋም ነበረች። የአሩፔ ወንድም ኤሰኮን ግጦሽ ፍለጋ ግመሎቹን ይዞ ተራራውን ከተሻገረ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። አብረውት ተሻግረው በየፊናቸው የተበተኑት ልጆች ሁሉ ወሬ ልከዋል። የእሱ ስልክ ሲደወል ግን የምትመልሰው ያቺ «ማግኘት አይቻልም» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ናት። እናቷ በጥቁር ሻይ ብቻ መዋል ከጀመረች ሰንብታለች። ከኋላ ሲያዩዋት ከጨሌዎቹ በላይ ያለው አንገቷ የሕፃን አንገት አክሏል።

አሩፔ አንገቱን አየች፤ ጫማዎቹንም አየች።

«ጎን ለጎን ናቸው» አለች እሷም በሹክሹክታ። «ጣታቸውም ወደ እኛ ነው።»

ሽማግሌው «ልጅሽ መንገድ ላይ ነው» አሉ።

የዚያን ዕለት እናቷ አንድ ሳህን የኡጋሊ ገንፎ ጥርግ አድርጋ በላች። ትምህርት ቤቱ መቃ አድርጎሻል፣ ወንድምሽ ሲመጣ ይስቅብሻል እያለች ስትቀልድባት አሩፔ ደስ አላት። ደስታው የቆየው ግን እስኪነጋ ነው፤ በማግስቱ እናቷ ፊቷ እያበራ ሰላም ባለቻት ቁጥር ዓይኗን ትሰብር ጀመር። የሚያወሩት አንድ ላይ ነው፤ እናቷ የምታወራው ግን አሩፔ ስለፈጠረችው ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ብቸኝነት ደርሶባት አያውቅም።

ብቸኝነት ግን አዲሷ አልነበረም። ባለፈው ተርም ቲቸር ዋፉላ ለክርክር ክበብ «አምላክን የፈጠረው ሰው ነው» የሚል ርዕስ ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ዕጣ ሲወጣ ደጋፊው ወገን ለአሩፔ ደረሰ። ሰው መብረቅ ፈራ፣ ጨለማ ፈራ፣ ሞት ፈራ፣ ከዚያ ከላይ የሚጠብቀው አባት ፈጠረ ብላ ጽፋ አነበበች። አሸነፈች፤ ተጨበጨበላትም። በማግስቱ ግን የመኝታ ክፍሏ ልጆች «ደመና ሲመጣ ከአሩፔ ራቁ፣ መብረቅ አድራሻ ሊሳሳት ይችላል» ብለው ቀለዱባት። ቀልዱ ተርሙ እስኪያልቅ አልቆመም። ብቻዋን በላች፣ ልብሷንም ብቻዋን አጠበች። አሁን ስታስበው በዚያ ሁሉ ጽሑፏ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ መልስ የምትጠብቅ እናት አልነበረችም።

ከሦስት ቀን በኋላ ነገሩ ከረረ። የጉድጓዱ ውሃ ጭቃ ብቻ ሆነ፤ የሰፈሩ ሽማግሌ ኤዎይም ሁሉም ሐሙስ ጠዋት ተነሥቶ የሁለት ቀን መንገድ ወደሚርቀው ውሃ እንዲወርድ አሳሰቡ። አህያ መጫን ተጀመረ። አኩዋም ግን ከቦታዋ አልነቃነቅ አለች።

«እናንተ ሂዱ። ልጄ ሲመጣ ባዶ ሰፈር አያገኝም» አለች።

ለመኗት፣ ተቆጧት፤ መልሷ ጫማዎቹ ተናግረዋል የሚል ብቻ ነበር። ከጫማ ጋር ደግሞ የሚከራከር የለም። ኤዎይ እያዘኑ አንድ ጀሪካን ውሃ እንተውላችኋለን አሉ። ለሦስት ሰው አንድ ጀሪካን ስንት ቀን እንደሚሆን ለማወቅ የሂሳብ ክፍል መግባት አያስፈልግም።

አሩፔ አያቷን ከግራሩ ሥር አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ዋሽቻለሁ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «የተገለበጠ ጫማ ሲወድቅ ድምፁ ሌላ ነው። ስልሳ ዓመት ወርውሬ ይህ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። የእናትሽ ሆድ ሲጮህ እሰማ ነበር።»

ከዚያ መላውን ነገሯት። ነገ እንደገና ይወረውራሉ፤ እሷ ጫማዎቹ ወደ ውሃው ሂዱ ብለዋል ትላለች፤ እናቷም ታምናለች። ቀላል ነው። አሩፔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው፤ እርስዎስ ሲጨንቅዎ ማን ዘንድ ይሄዳሉ?

ሽማግሌው ሳቅ አሉ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ጠፋ። «ማን ዘንድ ልሂድ? ወርዋሪው እኔ ነኝ።»

አሩፔ ራሷን እዚያው ግራር ሥር፣ አርጅታ፣ ሁሉም እየመጣ ሲጠይቃት እሷ ግን የምትሄድበት ስታጣ አየች። ፈራች። ተነሥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

እናቷ እስከ ወገቧ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ጭቃ በቆርቆሮ እየጨለፈች ነበር።

«እማ፣ ኤሰኮን መንገድ ላይ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጫማዎቹ እንደዚያ አላሉም።»

ቆርቆሮው ቆመ። «ምን አሉ?»

«አንዱ ተገልብጦ ነበር። ግን እሱም ቢሆን ቆዳ ነው፣ እማ። ኤሰኮን የት እንዳለ እኔ አላውቅም። አባባም አያውቁም። ማንም አያውቅም።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻት። በጥፊ ብትላት አሩፔ በወደደች ነበር።

«ሦስት ሌሊት ተኝቼ ነበር» አለች አኩዋም። ከጉድጓዱ ወጥታ ወደ ጎጆዋ ሄደችና የጣራውን ቆዳዎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።

ሐሙስ ጠዋት ከሁሉም ኋላ ወጡ። እናቷ አህያዋን እየነዳች ከፊት፣ አሩፔ የአያቷን ምርኩዝ ጫፍ ይዛ እየመራች ከኋላ። ከጉድጓዱ ወዲህ እናቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም። ቀትር ላይ ተራራው ጥርት ብሎ የሚታይበት ሜዳ ሲደርሱ አኩዋም ቆመች፤ ሁለት እጆቿንም ወደ ላይ አነሣች።

«ግመሎቹ ውሃ አግኝተዋል?» አለች ጮክ ብላ።

የቱርካና ልመና ለብቻ አይሆንም። አንዱ ይጠይቃል፣ የቆመው ሕዝብ አግኝተዋል፣ ይመጣል እያለ ይቀበላል። ሕዝቡ ግን ርቆ ሄዷል፤ አቧራው ብቻ ነው የሚታየው። የአኩዋምን ድምፅ የሚቀበል ጠፋ።

«ኤሰኮን ይመጣል?»

አያቷ ፊታቸውን ወደ አሩፔ መለሱ። አሩፔ መልሱን አታውቅም። አለማወቋን እናቷም ታውቃለች። አውቃም ነው የምትጠይቀው።

«ኤሰኮን ይመጣል?» አለች እናቷ እንደገና። አሁን ድምፅዋ ተሰብሯል።

አሩፔ ምርኩዙን ለቀቀች። ሄዳ ከእናቷ ጎን ቆመች፤ እሷም ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ እጆቿን አነሣች።

«ይመጣል» አለች።

እናቷ አልዞረችም። የሚቀጥለውን ልመና ግን ቀስ ብላ፣ አሩፔ እንድትደርስባት እየጠበቀች ጀመረች።